ጩኸትና ዜማ፦ «ሴምፒተርናል» የተሰኘው አልበም ምን ያስተምረናል?

መግቢያ

ስለ ከባድ ሮክ ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማል። አንደኛው «ይሄ እኮ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። ሁለተኛው ጩኸቱን ወድዶ የገባ ነው። የሚወደው ባንድ ለስለስ ያለ ዜማ ያስገባ ዕለት ግን «በቃ፣ ለገንዘብ ብለው ተሸጡ» ብሎ ይተዋቸዋል። ሁለቱ ሰዎች የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ክብደትና ዜማ አንድ ቤት ውስጥ አብረው አይኖሩም ብለው ያምናሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነት ስህተት መሆኑን በአንድ አልበም ምሳሌነት ማሳየት ነው።

አልበሙ ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በሚያዝያ 2013 ያወጣው «ሴምፒተርናል» ነው (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሴምፒተርናል ዛሬ በንግግር ብዙም የማይሰማ የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ዘላለማዊ፣ ማብቂያ የሌለው ማለት ነው። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ባጭሩ ይህ ነው፦ ዜማው ወደዚህ አልበም የገባው ዘፋኙ እንዲሰማለት የፈለገው ነገር ስለነበረው ነው፤ ዜማው በመግባቱም ክብደቱ ከቀድሞው ይበልጥ ተሰማ።

ሜታልኮር ሲባል ምን ማለት ነው?

ወደ አልበሙ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንተዋወቅ። ሜታልኮር የሁለት ስሞች ድቅል ነው፤ ሜታልና ሃርድኮር። ሃርድኮር ከፐንክ ሮክ የተወለደ፣ አጭር፣ ፈጣንና ቁጡ ሙዚቃ ነው። ሜታል ደግሞ በከባድ ጊታርና ጥንቃቄ በሚጠይቅ አጨዋወት ይታወቃል። በ1990ዎቹ እንደ ኢንተግሪቲ፣ ኧርዝ ክራይሲስና ኮንቨርጅ ያሉ የአሜሪካ ባንዶች ሁለቱን አዋሐዱ። ቀጥሎም በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ እንደ አት ዘ ጌትስና ኢን ፍሌምስ ያሉ ባንዶች ያዳበሩት ዜማ ያለው የጊታር አጨዋወት ታከለበት። በ2002 የወጣው የኪልስዊች ኢንጌጅ «አላይቭ ኦር ጀስት ብሪዚንግ» ስንኙን እየጮኹ፣ አዝማቹን እየዘፈኑ የመሄድን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁ አልበሞች አንዱ ነው።

አንባቢ ከዚህ በታች የሚያገኛቸው ቃላት አራት ናቸው።

1. ሪፍ፦ ጊታሩ ደጋግሞ የሚጫወተው አጭር ሐረግ ነው። የዘፈኑ አከርካሪ ልንለው እንችላለን።

2. ብሬክዳውን፦ ዘፈኑ ድንገት ፍጥነቱን የሚቀንስበት፣ ጊታሩና ትልቁ ከበሮ በአንድነት እየተመቱ የሚሄዱበት ቦታ ነው። ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ የሚናወጠው እዚህ ጋ ነው።

3. ስክሪም፦ ጩኸት ማለት ነው። ተራ ጩኸት ግን አይደለም። ብዙ የስክሪም ዘፋኞች ከዋናዎቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉትን እጥፋቶች አብረው ያርገበግባሉ። በዚህ የተነሳ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ ከፍታና ዝቅታውም በግልጽ አይለይም።

4. ክሊን ቮካል፦ እኛ በተለምዶ «ዘፈን» የምንለው፣ ዜማው የሚለይ የጠራ ድምፅ ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ የሁለቱን ድምፆች ልዩነት ለመረዳት ከሀገራችን የሚቀርበን ቀረርቶና ፉከራ ነው። ቀረርቶው በዜማ ተስቦ ይወጣል። ፉከራው ደግሞ ዜማውን ትቶ በኃይለኛ ንግግርና በጩኸት ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ያጅባል እንጂ አያበላሸውም። በእርግጥ ሜታልኮር ከዚህ ጋር የዘር ግንኙነት የለውም፤ ግን ዜማና ጩኸት ተፈራርቀው አንድ ስሜት መገንባት እንደሚችሉ ለእኛ ጆሮ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ፖፕ ስንልስ? እዚህ ጋ ፖፕ የምንለው የዘፈን አሠራር ዘዴን ነው። አንዴ ሰምተውት የሚያዝ ዜማ፣ ተመልሶ የሚመጣ አዝማች፣ ወደ አዝማቹ ቀስ በቀስ የሚያደርስ መወጣጫ፣ ከዚያም ከሦስትና አራት ደቂቃ የማያልፍ ርዝመት፤ ፖፕ ማለት ይሄ ነው።

ባንዱ ከየት ተነሳ?

ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን በ2004 በእንግሊዟ የኢንዱስትሪ ከተማ በሼፊልድ ተመሠረተ። ስሙም ከመጀመሪያው «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» ፊልም የተወሰደ ነው። ዘፋኙ ኦሊቨር ሳይክስ፣ ጊታሪስቱ ሊ ማሊያ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ማት ኪንና ከበሮ መቺው ማት ኒኮልስ ናቸው የባንዱ መሠረቶች።

በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው «ካውንት ዩር ብሌሲንግስ» ዴዝኮር ከሚባለው፣ ከሜታልኮርም ከበድ ከሚለው ወገን ነበር። ይህን አልበም የሰማ ሰው ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ቁጣ ነው የሚያገኘው። ግጥሙን ጽሑፍ ሳይዙ መከታተል በጣም አዳጋች ነው። በ2008 «ሱሳይድ ሲዝን» ወጣ፤ ሙዚቃው ትንሽ ከፈት አለ። በ2010 የመጣው ሦስተኛው አልበም ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ድምፆችንና የኅብረት ዝማሬን አስገባ፤ ላይትስ የተባለችው የካናዳ ፖፕ ዘፋኝም በሁለት ዘፈኖች ውስጥ ተሳተፈች። እንግዲህ ዜማው በ2013 ድንገት ከሰማይ አልወረደም። በር ማንኳኳት ከጀመረ ቆይቷል። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ እንግዳ ነበር፤ ቤተኛ የሆነው በ«ሴምፒተርናል» ነው።

አልበሙ እንዴት ተሠራ?

ሦስት ሰዎችን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጆርዳን ፊሽ ነው። ፊሽ ዎርሺፕ ከተባለ ባንድ የመጣ ኪቦርዲስት ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተጠራው በኤሌክትሮኒክ ድምፆች ቅንብር ላይ እንዲያግዝ ነበር። ሥራው ግን ከማገዝ አለፈና ከሳይክስና ከማሊያ ጋር ዘፈኖቹን ከሥር ጀምሮ የሚጽፍ ሙሉ አባል ሆነ።

ሁለተኛው ፕሮዲውሰሩ ቴሪ ዴት ነው። ይህ ሰው የፓንቴራን «ካውቦይስ ፍሮም ሄል» በ1990፣ የዴፍቶንስን «ዋይት ፖኒ» ደግሞ በ2000 የሠራ፣ ከባድ ጊታርን እንዴት መቅረጽ እንደሚገባ አሳምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ሚክሲንጉን የሠራው ዴቪድ ቤንዴት ሲሆን፣ እሱ ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ በ2007 የወጣውና በአዝማቾቹ የተወደደው የፓራሞር «ራየት!» አልበም ነው። ልብ እንበል፤ ቀረጻው በሜታል ሰው እጅ፣ የመጨረሻው ሚዛን ደግሞ የአዝማችን ነገር በሚያውቅ ሰው እጅ ነው ያለፈው። የአልበሙን ጠባይ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

አልበሙ በእንግሊዝ ሠንጠረዥ ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ቢልቦርድ አሥራ አንደኛ፣ በአውስትራሊያ ደግሞ አንደኛ ሆኖ ገባ። ለእንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። «ተሸጡ» የሚለው ወሬ መነሻም አንዱ ይሄው ነው።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሰው ክብደት ሲባል የሚመስለው የድምፅ ብዛት ነው። ነገር ግን ጆሮ ይለምዳል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የወፍጮውን ጩኸት ከጥቂት ቀን በኋላ አይሰማውም፤ የሚነቃው ወፍጮው ሲቆም ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ የሚጮህ አልበምም እንደዚሁ ነው። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ጩኸቱ ግድግዳ ይሆናል። ጩኸት እንደገና እንዲያስደነግጥ ከፈለግን ከጎኑ ጩኸት ያልሆነ ነገር ማስቀመጥ አለብን። «ሴምፒተርናል» ይህን በሦስት መንገድ ይሠራዋል።

አንደኛው በአንድ ዘፈን ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን «ካን ዩ ፊል ማይ ሃርት» እንውሰድ። ዘፈኑ የሚከፈተው በጊታር አይደለም። የሰው ድምፅ ተቆራርጦ እንደ መሣሪያ የሚጫወት በሚመስል ቀጭን የኪቦርድ ዜማ ነው። ከዚያ ጊታሩና ከበሮው ከሥሩ ይገባሉ። ጊታሮቹ ክራቸው ከተለመደው በላይ ላልቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚጫወቱ የታችኛውን ክፍል ይሞሉታል፤ የላይኛው ክፍል ባዶ ይቀራል። ኪቦርዱ የሚቀመጠው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም። የዘፈኑ ዋና የሚያዝ ዜማ ቃል የሌለው የኪቦርድ ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ሳይክስ ከሥሩ በጎርናና ድምፅ ግማሽ እየጮኸ ግማሽ እየዘፈነ ይናገራል። ጣፋጩ መሣሪያው፣ መራራው ሰውየው ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው አንጀት የሚበላው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይህ ዘፈን ከወጣ ከዓመታት በኋላ በኢንተርኔት አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ እንደ አዲስ መሰራጨቱም ከዚያ ኪቦርድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ተሰምቶ የሚያዝ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሕዝብ ድምፅ ነው። «ሻዶው ሞዘስ» በጥር 2013 ከአልበሙ ቀድሞ የተሰማ ዘፈን ነው። ስሙ «ሜታል ጊር ሶሊድ» ከተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ካለ ደሴት የተወሰደ ነው። በዚህ ዘፈን አዝማቹን አንድ ሰው ብቻውን አይዘፍነውም፤ ብዙ ድምፆች በአንድነት ይሉታል። የእግር ኳስ ደጋፊ እንደሚጨፍረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብሬክዳውን ከባድ የሚሆነው አድማጩ ቀድሞ አብሮ ስለዘፈነ ነው። ዝም ብሎ የቆመን ሰው መግፋትና አብሮህ የሚሮጥን ሰው ድንገት ማስቆም አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው በዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ነው። አልበሙ አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉት። ሁለተኛው «ዘ ሃውስ ኦፍ ዉልቭስ» በቁጣ ይመጣል፤ አራተኛው «ስሊፕዎኪንግ» በዜማ የተሞላ ነው። ሰባተኛው «ኤንድ ዘ ስኔክስ ስታርት ቱ ሲንግ» በዝግታና በጭምታ ይሄዳል። ስምንተኛውም እንዲሁ ሰፋ ብሎ ይቀጥላል። ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ዘጠነኛው «አንቲቪስት» ይፈነዳል። ከአልበሙ ሁሉ ግልጽ ቁጣ ያለው ዘፈን ይህ ሲሆን፣ በወሬ ብቻ ዓለምን እንለውጣለን የሚሉ ሰዎችን የሚወርፍ ነው። ሲዲውን ከመካከል ጀምሮ ይህን ዘፈን ብቻ ያደመጠ ሰው አንድ ቁጡ ዘፈን ሰማ፤ በተራው ያደመጠ ሰው ግን ከወንበሩ ይነሳል።

ዘፋኙ ለምን ዜማ ፈለገ?

እስካሁን ያልነው ስለ አሠራር ነው። ግን አሠራር ብቻውን መልስ አይሆንም። ሰው የሚሠራበትን መንገድ የሚለውጠው ምክንያት ሲኖረው ነው።

በሐምሌ 2014፣ አልበሙ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኦሊቨር ሳይክስ አልተርኔቲቭ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ባዘጋጀው የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ሽልማት ሊቀበል መድረክ ላይ ወጣ። እዚያም ለዓመታት የኬታሚን ሱሰኛ እንደነበረና ማገገሚያ ተቋም ገብቶ እንደታከመ ተናገረ። ኬታሚን በሕክምና ለማደንዘዣነት የሚያገለግል መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ግን ሱስ ያስይዛል። የባንድ ጓደኞቹና ቤተሰቡ እሱ ለማንም በማይመችበት ጊዜ እንኳ አብረውት እንደቆሙ ገለጸ። አልበሙ የተጻፈው ከዚያ ሁሉ የተነሳ መሆኑንም አመለከተ። ለኛ ጥናት ዋናው ነጥብ ግን የሚከተለው ነው፤ ከማገገሚያው ሲወጣ መጮህ እንዳልፈለገ፣ ይልቁንም ሰገነት ላይ ወጥቶ መዝፈን እንደፈለገ ነው የተናገረው።

ይህን ይዘን ወደ አልበሙ እንመለስ። ስክሪም ስሜትን ያስተላልፋል፤ ቃልን ግን ይሸፍናል። አንድ ሰው እየተጎዳ መሆኑን በጩኸት ማሳወቅ ይችላል። ምን እንደጎዳው፣ ማን እንደረዳው፣ ነገ ምን እንደሚፈራ ግን በጩኸት ብቻ ማስረዳት አይችልም። ለዚህ ቃል ያስፈልጋል፤ ቃል ደግሞ እንዲሰማ ዜማ ይፈልጋል። በ2006ቱ አልበም ግጥሙ ባይሰማም ግድ አይሰጥም ነበር፤ ዋናው ቁጣው ነበርና። በ2013 ግን ግጥሙ ካልተሰማ አልበሙ ራሱ የለም።

ይህ በጉልህ የሚታየው በመጨረሻው ዘፈን «ሆስፒታል ፎር ሶልስ» ላይ ነው። የነፍሶች ሆስፒታል እንደማለት ነው። ዘፈኑ ወደ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን በዝግታ በሚነገር ንግግር ይጀምራል። ዘፈን እንኳ አይደለም፤ ወሬ ነው፤ አጠገብህ ተቀምጦ እንደሚያወራህ ሰው። ከዚያ ቀስ በቀስ ከበሮው፣ ጊታሩና ኅብረ ዝማሬው እየተደራረበ እስከ ጣሪያ ድረስ ይወጣል። ከንግግር ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ጩኸት። ይሄ የአንድ ሰው ድምፅ መንገድ ነው። ጩኸቱ ዘፈኑ መጨረሻ አካባቢ ሲመጣ ለምን እንደሚጮህ እናውቃለን፤ ምክንያቱም ነግሮናል። ቅድም «ክብደት» ያልነው ነገር እንግዲህ እዚህ ጋ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

ትችት

ሁሉ ነገር ተሳክቷል ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ከሃይማኖት ጋር የሚሟገቱት ሁለቱ ዘፈኖች «ዘ ሃውስ ኦፍ ዉልቭስ» እና «ክሩክድ ያንግ» በሐሳብ ይደጋገማሉ፤ ከሙግት ይልቅ ወደ ስድብ ያደላሉ። ሁለተኛ፣ «አንቲቪስት» ውስጥ ያለው ጸያፍ ቃል ብዛት ሐሳቡን ያደክመዋል። ወሬ ብቻ የሚያወሩትን የሚወቅስ ዘፈን ራሱ ከመሳደብ ብዙም አይርቅም። ሦስተኛ፣ ድምፁ በጣም የታጨቀ ነው። ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ከበሮው በአንድነት ሲመጡ የቤዙን ጊታር ለይቶ መስማት ያስቸግራል።

«ተሸጡ» የሚለው ክስ ግን በእኔ ግምት አይቆምም። እርግጥ ባንዱ ከዚህ በኋላ ወደ ፖፕ ይበልጥ ተጠግቷል። የ2015ቱ «ዛትስ ዘ ስፒሪት» ስክሪሙን በእጅጉ ቀነሰ፤ የ2019ኙ «አሞ» ደግሞ በእንግሊዝ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን የአንደኝነት ቦታ አስገኘላቸው። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው መቆየት ነበረባቸው። እነሱ ግን በ2020 «ፖስት ሂዩማን፦ ሰርቫይቫል ሆረር» በተባለው ሥራ ወደ ክብደቱ ተመለሱ። ይህን ሥራ ከሳይክስ ጋር ፕሮዲውስ ያደረገውም «ባንዱን አለሰለሰ» ሲባል የነበረው ያው ጆርዳን ፊሽ ነው። ፊሽ ከባንዱ የተለየው በታኅሣሥ 2023 ነው።

ለእኛ ምን ትምህርት ይሰጣል?

የሙዚቃ ሂስ መጻፍ የምንፈልግ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ አልበም ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን መውሰድ እንችላለን።

ሀ. ምን ተለወጠ? «ለሰለሰ» ወይም «ከበደ» የሚለው ቃል መረጃ አይደለም። ኪቦርድ ገባ? አዝማቹን ማን ዘፈነው? ግጥሙ ይሰማል ወይስ አይሰማም? ይሄ መረጃ ነው።

ለ. ለውጡ በዘፈኑ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? አንድ ዜማ አላስፈላጊ ጌጥ መሆኑን ለማወቅ በሐሳብ አውጥተን እንየው። «ካን ዩ ፊል ማይ ሃርት» ያለዚያ ኪቦርድ ይቆማል? አይቆምም። ስለዚህ ጌጥ አይደለም።

ሐ. ሠሪው ምን ብሏል? ሠሪው ያለውን ሁሉ ማመን የለብንም፤ ግን ሳንጠይቅ «ለገንዘብ ነው» ብለን መፍረድም ሙያችን አይፈቅድም። የሰውን ልብ ምክንያት ያለ ማስረጃ መጻፍ ዜና ላይ ክልክል ከሆነ ሂስ ላይ ለምን ይፈቀዳል?

አልበሙን ማድመጥ ለሚፈልግ ደግሞ እንደ መልመጃ ሦስት ጊዜ ማድመጥ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሰውየውን ድምፅ ብቻ መከታተል፤ የት ይናገራል፣ የት ይዘፍናል፣ የት ይጮሃል? ሁለተኛ ኪቦርዱን ብቻ፤ መቼ ይገባል፣ መቼ ይጠፋል? ሦስተኛ ከበሮውን፤ የት ይዘገያል? እነዚህን ለየብቻ የሰማ ሰው በአራተኛው ጊዜ ሌላ አልበም ነው የሚሰማው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ «ሴምፒተርናል» ክብደትንና የፖፕ ዜማን ያቀላቀለ የመጀመሪያው አልበም አይደለም፤ ከእሱ በፊት ብዙዎች ሞክረውታል። ብዙዎቹ ጋ ግን ጩኸቱ አንድ ክፍል፣ ዜማው ሌላ ክፍል ሆነው በየተራ ይመጣሉ። እዚህ ጋ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ከባዱ ነገር የጊታሩ ዝቅታ ወይም የከበሮው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ሰው ከሱስ ወጥቶ «እንዲህ ሆኜ ነበር» ማለቱ ነው። ያንን ደግሞ ዝም ብሎ በመጮህ ማንም ሊሰማለት አይችልም ነበር። ስለዚህ «ይሄ ጩኸት ነው» ብሎ ጆሮውን የዘጋውም፣ «ተሸጡ» ብሎ የተወውም ሰው፣ ሁለቱም የመጨረሻውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ቢያደምጡት መልካም ነው እንላለን።